ዘፋኙ የት ነው የቆመው? የአራት ርካሽ ኤርፎኖች የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

"በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባላል። እኔ በአጥንቱ ብር ኤርፎን ገዛሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ እኛ ጋ ሆኖ ነው የሚማረው፤ ስምንተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ሦስት ኤርፎን ጨርሷል። እናቴ "አንድ ደህና ነገር ግዛለትና እንረፍ" አለች። የደህናውን ዋጋ ስነግራት ወዲያው ሐሳቧን ቀየረች። "እንግዲያው ከርካሹ ደህናውን ፈልግለት።"

እንጀራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። እልልታ፣ ከበሮና የሽማግሌ ምርቃት ስቆራርጥ እውላለሁ። ጆሮዬን አምናለሁ። ስለዚህ ሥራው የአንድ ከሰዓት መስሎኝ ነበር።

የደሴ ሰኞ ገበያ በዕለተ ሰኞ እግር ማሳረፊያ የለውም። ግን እንዲህ ባለ ብርድ ሰው መሃል መጋፋትም አንድ ሙቀት ነው። አራት ገዛሁ። የአንዱም ስም ስም አይደለም፤ ከታወቀ ስም ላይ አንድ ፊደል እየቀየሩ የወጡ ናቸው። ስለዚህ በመልካቸው ልጥራቸው። "ቀዩ" በላስቲክ ከረጢት የተንጠለጠለ፣ 120 ብር። "ነጩ" ካርቶን ያለው፣ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ጆሮ ውስጥ የማይገባው ዓይነት፣ 200 ብር። "ጥቁሩ" ባለ ሲሊኮን ጫፍ፣ 350 ብር። "ትልቁ" ደግሞ ራስ ላይ የሚጠለቅ፣ ካርቶኑ ላይ "ኤክስትራ ቤዝ" በትልቁ የተጻፈበት፣ 600 ብር።

"ኦሪጅናል ነው?" አልኩት ሻጩን ልጅ።

"ወላሂ ኦሪጅናል ነው።"

"የምኑ ኦሪጅናል?"

"የራሱ!"

መልስ አጣሁ። ከፍዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ምንም አልሰማሁም። ዓይንና እጅ ብቻ።

መጀመሪያ ካርቶኖቹን አነበብኩ። ካርቶን ያላቸው ሦስቱም "20–20000 ኸርትዝ" ይላሉ። ይህ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ የሰው ጆሮ ይሰማል የሚባለው ስፋት ነው እንጂ የኤርፎኑ ውጤት አይደለም። በዚህ መሃል ድምፁ ስንት ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንደሚወጣና እንደሚወርድ እስካልተነገረ ድረስ ቁጥሩ ጌጥ ነው። የቀዩ ከረጢት ምንም አይልም። ቢያንስ አልዋሸም።

ከዚያ ገመዱ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በረንዳ ላይ ዘረጋኋቸው። የደሴን የጥቅምት ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። የቀዩና የነጩ ገመድ ከረጢት ውስጥ እንደታጠፈ ደርቆ ቀረ፤ ብጎትተውም ተመልሶ ይጠቀለላል። የእነዚህ ነገሮች ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ፒቪሲ ደግሞ ሲበርደው ይደርቃል። የጥቁሩ ለስለስ ያለ ነው። ትልቁ በጨርቅ የተጎነጎነ ገመድ አለው፤ ያምራል፤ ግን ጨርቁ ውስጥ ምን እንዳለ አይታይም።

ዋናው ቦታ ግን ገመዱ ከጃኩ (ስልክ ላይ ከሚሰካው ጫፍ) ጋር የሚገናኝበት አንገት ነው። እዚያ ጋ ገመዱ ቀስ እያለ እንዲታጠፍ የሚያደርግ፣ ቀለበት ቀለበት ያለው ላስቲክ መኖር አለበት። ጥቁሩ አለው፤ ሲታጠፍ ክብ ይሠራል። የነጩ ላስቲክ ቅርጹ አለ፣ ሥራው የለም፤ እንደ ድንጋይ የደረቀ ነው፣ ገመዱ ላስቲኩ ካለቀበት ላይ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ቀዩ ጭራሽ የለውም። ይህን ሳይ የልጁ ሦስት ኤርፎኖች እንዴት እንደሞቱ ገባኝ። ስልኩን ኪሱ ከቶ ነው የሚሮጠው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጃኩን ስታዩት፣ ማይክ ያለው ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፤ ማይክ የሌለው ሁለት። ጫፉ ግራ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ቀኝ። ማይክ የሌለው ከሆነ የታችኛው ትልቁ ክፍል ግራውንድ፣ ማለትም የግራና የቀኙ የጋራ መመለሻ ነው። ማይክ ያለው ከሆነ አሁን ባሉት ስልኮች አሠራር ግራውንዱ ከጫፉ ሦስተኛው ነው፣ የመጨረሻው ማይክ። ቴስተሩን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ላይ አድርጎ ግራውንዱንና ጫፉን መንካት ነው። ኤርፎኑ ጆሮ ላይ ከሆነ "ጭቅ" ይላል።

ቀዩ፦ ግራ 16፣ ቀኝ 16። ጥቁሩ፦ 16 እና 17። ትልቁ፦ 32 እና 32፤ እንከን የለውም። ነጩ፦ ግራ 32፣ ቀኝ 38።

ኦም ሲያንስ ወይም ሲበዛ ጥራት ነው ማለት አይደለም። ለስልክ 16ም 32ም የተለመደ ነው። ሥራ ላይ የምጠቀምበት ሶኒ ኤምዲአር 7506 ባለ 63 ኦም ነው። ከ1991 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ቅርጹ ሳይቀየር ስቱዲዮ ውስጥ የኖረ ሞዴል ነው፤ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝ። የሚያስጨንቀው የግራና የቀኝ ልዩነት ነው። ነጩ ላይ ያሉት ትርፍ 6 ኦሞች ከየትም አልመጡም። አንድ ቦታ ላይ ደካማ ብየዳ አለ።

ከአሮጌ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት ወደ ነጩ ገመድ አስጠጋሁት። ገመዱ ተሳበ። መዳብ በማግኔት አይሳብም። ውስጡ ብረት ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ትልቁን በቁጥሩ ወደድኩት። ይህ ስህተት እንደነበረ ቅዳሜ ታየ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የማዳመጥ ቀን። ልጁም ትምህርት ስለሌለው አብሮኝ ዋለ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስገባ። ሁለት ኤርፎን ሲወዳደር ጮክ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል። ባለሱቆቹ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተው የሚያሰሙን በከንቱ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ወጥ ድምፅ ከፍቼ አራቱንም በተቻለኝ መጠን እኩል አደረግኳቸው።

የሞከርኩት በራሴ ቅጂዎች ነው። የአንድ አባት ምርቃት፣ በአንድ ማይክ የተቀዳ። የማሲንቆ ብቻውን። የሰርግ ከበሮና ጭብጨባ። እልልታ። ቦሩ ሜዳ የቀዳሁት መንዙማም ነበረኝ፤ ብዙ ድምፅ በአንዴ ሲነሳ ኤርፎኑ ይደባለቅበት እንደሆነ ለማየት። የወሎ ልጅ ሆኖ መሞከሪያ ዘፈን ማጣት ነውር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ደጃፋችን ላይ ናቸው።

ማሲንቆ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ክሩ የፈረስ ጭራ፣ መምቻውም የፈረስ ጭራ። ስለዚህ ከዜማው ሥር ሁልጊዜ አንድ የመፋቅ ድምፅ አለ፤ ፀጉር በፀጉር ላይ ሲሄድ የሚሰማው ሻካራ ነገር። በሶኒው ስሰማው የመምቻው አቅጣጫ ሲቀየር እንኳ ይለያል። በቀዩ መፋቁ የለም፤ ማሲንቆው ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ እንደሚጫወት ነው። በነጩ አለ። በጥቁሩ አለ፣ ግን ትንሽ ይጋነናል።

እልልታ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጆሯችን ከ2000 እስከ 5000 ኸርትዝ ባለው አካባቢ በጣም ንቁ ነው። ርካሽ ኤርፎኖች እዚያ ሲደርሱ ድንገት ጣራ ይወጣሉ። በጥቁሩ እልልታው መርፌ ሆነብኝ፤ አውልቄ ጆሮዬን አሸሁ። ሰባት ሴቶች እልል ሲሉ ሰባት መሆናቸው መሰማት አለበት። በጥቁሩ አንድ ፉጨት ሆኑ።

የጥቁሩ ቤዝ መጀመሪያ አልነበረም። ልጁ "ቤዝ የለውም" ብሎ ወረወረው። ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ትልቁን ሲሊኮን ቀየርኩለትና ጆሮውን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ አስገባሁለት። ዓይኑ ፈጠጠ። የሲሊኮን ጫፍ ካልደፈነ ቤዙ በስንጥቁ ያመልጣል፤ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ኤርፎን የሚያማርረው መጠኑን ሳይቀይር ነው።

ነጩ እንደጠበቅኩት ሆነ። የመራቂው አባት ድምፅ ከመሃል ወደ ግራ ሸሸ። ቀኙ ያን ያህል ይቀንሳል ብሎ ለመናገር ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን አንዴ ከሰማችሁት በኋላ አለመስማት አይቻልም።

ከ20 ኸርትዝ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅም ከፍቼ ነበር። 15000ን ሲያልፍ "አለቀ" አልኩ።

"ኧረ አጎቴ፣ አሁንም አለ እኮ!"

"ዝም በል።"

"ወላሂ አለ። ዊይይይ ይላል።"

ዕድሜ ነው። ጆሮ ከላይ ከቀጭኑ ድምፅ ነው መሸሽ የሚጀምረው። የኤርፎን መርማሪ ነኝ ያልኩት ሰውዬ በስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተበለጥኩ።

አሁን ትልቁ። "ኤክስትራ ቤዝ" የተባለው ከበሮው ባዶ ነው፤ ተመታ እንጂ አልደለቀም። ማሲንቆው ንጹሕ ነው፣ እልልታውም አይወጋም፤ ሰባቱም ሴቶች አሉ። የመራቂው አባት ግን የሉም። ማለቴ ድምፃቸው አለ፤ የቆሙበት ቦታ የለም። ግራም ቀኝም አይደሉም፣ መሃልም አይደሉም። ከራሴ ኋላ እንደ ጭስ ተበትነዋል። ለረጅም ሰዓት ስሰማው ሊያጥወለውለኝ ጀመረ።

ይህን ነገር የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ አልኩ። ሰርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ስንሰካ የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ አገላብጠን ከሰካነው የሚመጣው ነገር ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ትልቁን ከፈትኩት።

የጆሮው ትራስ በጠርዙ ገመድ ተወጥሮ ነው የገባው፤ በጥፍር እየፈለቀቁ ማውጣት ነው። ሥሩ አራት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። ሁለቱ ጥርሳቸው አልቋል፤ ፋብሪካው ውስጥ የቸኮለ ሰው ነበረ። ውስጡ 40 ሚሊ ሜትር ስፒከር፣ ሁለት የብየዳ ነጥብ፣ ብዙ ሙጫ። ስፒከሩ ራሱ የሚናቅ አይደለም። ሽፋኑ ንጹሕ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው ጥቅልም ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የቆጠቡት እዚህ አይደለም።

ለማረጋገጥ አንድ ባትሪ ድንጋይ ይበቃል። ባለ 1.5 ቮልቱ። የባትሪውን ፖዘቲቭ በቀዩ ሽቦ፣ ኔጋቲቩን በሌላው፣ ለአንድ አፍታ ብቻ መንካት፤ ማቆየት ጥሩ አይደለም። ሽፋኑ ወይ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ወይ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የግራውን ነካሁ፤ ወደ ውጭ ገፋ። የቀኙን በዚያው ዓይነት ነካሁ። ሰመጠ።

ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። "ይኸው ተመልከት። ይህ ሲገፋ ያ ይጎትታል።" ደጋግሞ ነካው፤ ባትሪውን ቀማሁት።

እያንዳንዱ ጆሮ የራሱ ስፒከር ስላለው አየሩ እርስ በርሱ አይጠፋፋም። ግን አንጎል ከሁለቱ ጆሮ እኩል የመጣውን ድምፅ ነው "መሃል ነው" የሚለው። አንዱ ተገላብጦ ሲመጣበት ማስታረቅ ያቅተዋል። ከበሮም ዘፋኝም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዱት መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቤታቸውን አጡ። ቴስተሩ ደግሞ ይህን አይናገርም፤ ኦም አቅጣጫ የለውም። ሐሙስ ዕለት በ32 እና በ32 የተሸወድኩት ለዚህ ነው።

መበየጃውን አሞቅኩ። የቀኙን ሁለት ሽቦ አላቀቅኩ። አገላብጬ ልበይድ ሊዱን ሳነሳ መብራት ጠፋ።

በስልክ ባትሪ ብርሃን የሚቀዘቅዝ መበየጃ እያዩ መቀመጥ ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው አልነግራችሁም። እናቴ ሻማ ይዛ መጣችና ጠረጴዛውን ዓየችው። "ምነው ልጄ፣ አዲሱን ነገር ገና ሳይሰማበት አረድከው?"

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጠዋት መብራቱ መጣ። በየድኩ። ሁለት ጠብታ ሊድ፣ ግማሽ ደቂቃ።

መራቂው አባት መጥተው መሃል ግንባሬ ላይ ቆሙ። ከበሮው ደለቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ትልቁ የጻፍኩትን ሁሉ ሰርዤ እንደገና ሰማሁ። ሶኒው ነው አልልም። ከበሮው ትንሽ ይወፍራል፣ መንዙማው ላይ ተቀባዮቹ ሲበዙ ይጨናነቃል። ግን በ600 ብር እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅኩም። ያበላሹት በአንድ ሰው የተገላበጡ ሁለት ሽቦዎች ነበሩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ኮምቦልቻ የሰርግ ፊልም የማስረክበው ሰው ስለነበር ጥቁሩንና ትልቁን ይዤ ወረድኩ። ቤት ውስጥ የሰማሁት ሁሉ ሚኒባስ ውስጥ ተገለበጠ።

የሞተሩ ጉርምርምታ ወፍራም ድምፅ ነው። የከበሮውን ቦታ ይይዘዋል። የትልቁ ትራስ ስስ ነው፣ ጫጫታውን አያስቀርም፤ የሐረጎ ቁልቁለት ሳንደርስ ድምፁን ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። ጥቁሩን ስቀይር ሞተሩ ራቀ፤ ድምፁን መልሼ ቀነስኩ። ቤት ውስጥ እንደ መርፌ የወጋኝ ኤርፎን እዚህ አሸነፈ። ይህ ተራ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በ90 ዲሲቤል ግን 4 ሰዓት ብቻ። ታክሲ ውስጥ ሞተር ለመብለጥ ብላችሁ የምትጨምሯት ነገር ሰዓቱን ትበላለች።

ጥቁሩ ግን በሐረጎ ጠመዝማዛ አንድ ጉድ አመጣ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ወደ 600 ሜትር ይሆናል። ጆሮ ይደፈናል። ሲሊኮኑም ከውጭ ደፍኖታል። ሁሉም ነገር ትራስ ሥር የሚዘፈን መሰለኝና ኤርፎኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አውልቄ ምራቄን ስውጥ ተከፈተ። ቁልቁለት ላይ ኤርፎን መገምገም አይቻልም ብዬ ጻፍኩ።

ኮምቦልቻ እኩለ ቀን ላይ የጥቁሩን ገመድ በጣቴ አሸሁት። ሞቆ ለስልሷል፤ ትንሽም ይጣበቃል። አገራችን ለኤርፎን ገመድ በአንድ ሰዓት መንገድ ሁለት ወቅት ታቀርባለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የግርፋት ቀን። ጃኩን ስልክ ላይ ሰክቼ፣ ዘፈን ከፍቼ፣ አንገቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ማጠፍ። ልጁ ካርቶን ላይ ጭረት ይቆጥራል።

ቀዩ በ140 ሄደ። አሟሟቱ ግን ያምራል። በመጀመሪያ ዘፋኙ ጠፋ፤ ክራሩና ማሚቶው ብቻ ቀሩ። ጃኩ በደንብ ሳይገባ ሲቀር የሚመጣው ያው ነገር ነው። የጋራው ግራውንድ ተበጥሷል፤ ግራና ቀኙ ተያይዘው የሚያሰሙት ልዩነታቸውን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጋ እኩል ያለው ዘፋኝ ይጠፋል። ነጩ በ310 ግራው ተቆረጠ። ጥቁሩን 1000 ላይ ስደርስ እጄ ስለደከመ ተውኩት። ትልቁን አልነካሁትም። አድልዎ ነው፤ አውቃለሁ።

የቀዩን አንገት ቆርጬ አዲስ ጃክ በየድኩለት። እዚህ ጋ ጀማሪ የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የመዳብ ቀለም ናቸው። ቀለሙ ቫርኒሽ ነው፣ ሊድ አይዘውም። መሃላቸው ደግሞ ገመዱን የሚያጠነክር ክር አለ። ጫፉን በላይተር ለአፍታ መለብለብ፣ የተቃጠለውን በጣት ማራገፍ፣ ከዚያ መበየድ። ቀዩ ሽቦ ብዙ ጊዜ ቀኝ ነው፣ አረንጓዴው ግራ፣ መዳቡ ግራውንድ። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት፤ ቴስተር አይዋሽም።

ጃኩ 40 ብር ነው። ልጁ አሰበ።

"አጎቴ፣ ኤርፎኑ 120 ነው እኮ። ድካምህስ?"

ድካሜን አልቆጠርኩትም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጥቁሩን ለልጁ ሰጠሁት። ሮጦ ስለሚሄድ፣ አንገቱ ስለሚችል፣ ድምፁን ሳይጨምር ስለሚሰማ። እልልታ አይሰማ። እናቴ ትልቁን ለራሷ መንዙማ ወሰደችው፤ መልሱልኝ ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ሌላ ትልቅ ለመግዛት ወደዚያው ሻጭ ልጅ ተመለስኩ።

አሁን ስልኬ ላይ የመራቂው አባት ቅጂ አለ። የመጀመሪያውን ሰክቼ አጠለቅኩ። እንደገና ጭስ። መለስኩለት። ሁለተኛው፣ ጭስ። ሦስተኛውን ሳጠልቅ አባት መጥተው መሃል ቆሙ። ከበሮ ቀየርኩ፤ ደለቀ።

"ይሄኛውን።"

ሻጩ ልጅ ግራ ገባው። "ሁሉም አንድ ናቸው እኮ ወንድሜ። ምንድን ነው የምትሰማው?"

"ሰውየው የት እንደቆሙ።"

አጥልቄለት አሰማሁት፤ መጀመሪያ ጥሩውን፣ ከዚያ አንዱን ጭስ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ሁለቱን እያቀያየረ ሦስት ጊዜ ሰማ። "አብሽር፣ ገብቶኛል" አለና 50 ብር ቀነሰልኝ።

ከዚያ ሁለቱን ጭሶች አንስቶ፣ አቧራቸውን ጠርጎ፣ ከሌሎቹ ጋር መልሶ ሰቀላቸው።